የመሪጌታ ባሕር ዛፍና የሚስቴ ነጠላ

ጨርሶ የማያውቅ ሰው አደጋ የለውም። ይጠይቃል፣ ይፈራል፣ እጁን ይሰበስባል። አጥርቶ የሚያውቅም እንደዚያው ነው። አገር የሚያጠፋው ግማሽ ቀን የሠለጠነ ሰው ነው። እኔ የሠለጠንሁት ግማሽ ቀን ነው።

ለነገሩ እኔ የደን ሰው አይደለሁም። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከዛፍ ጋር ያለኝ ዝምድና ከወንበርና ከጠረጴዛ አያልፍም። አንድ ሐሙስ ግን ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የደን እንክብካቤ ሥልጠና ተዘጋጀ። መሄድ የነበረበት ባለሙያ የልጁ ክርስትና ገጠመውና አለቃችን ኮሪደሩን ቃኝተው ሥራ ፈትቶ ያገኙትን ሰው ላኩ። ሥራ እንኳ አልፈታሁም ነበር፤ በመስኮት እያየሁ ነበር።

አሠልጣኙ ያስተማረን ነገር ግልጽ ነው። ዛፍ ተፋፍጎ ሲበቅል ሁሉም ፀሐይ ለማግኘት ሽቅብ ይንጠራራል፣ ማንም አይወፍርም። ስለዚህ ጠማማውን፣ በሽተኛውን፣ ከጥላ ሥር ቀጭጮ የቀረውን እየለዩ ማውጣት ነው። ይህ ማሳሳት ይባላል። የቀረው ዛፍ አየርና ብርሃን ያገኛል፣ ጤናው ይመለሳል፣ ግንዱ ይደነድናል። ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ታንኳ ዓሣ ጭኖ ወደ ዳር እየቀረበ ነበር፤ ከበሩ በኩል ደግሞ የምሳው ሽታ እየቀረበ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስለ ምን እንደ ተማሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ ምልክት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓለምን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። መናኸሪያው በር ላይ የሚተራመሰውን ባጃጅ ሳይ «ይህ ቢሳሳ!» እላለሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ስብሰባ ሳይ ማን ከጥላ ሥር እንደ ቀጨጨ፣ ማን የሌላውን ፀሐይ እንደ ወሰደ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሚስቴ ሰብለ ግን «ማሳሳት የቀረውን የሚያወፍር ከሆነ የራስህ ፀጉር ምነው አልወፈረ?» አለችኝ። ዕውቀት ሁሉን አይመልስም።

የሰብለ አባት የሚኖሩት መራዊ ከምትባለው የገበያ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ስም አላቸው፤ አገሩ ሁሉ ግን መሪጌታ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ጆሯቸው ግን ከሦስት ቤት ወዲያ የተሳሳተ ዜማ ይይዛል። በዚህ ዓለም ላይ የሚጠሏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዜማ የሚያበላሽ ደብተራ ነው። ሁለተኛው ዛፍ ላይ ጨርቅ የሚያስር ሰው ነው። መንደሩ ዳር አንድ ያረጀ ዋርካ አለ፤ አንዳንዱ ሰው አድባር ነው እያለ ጨርቅ ያስርበታል፣ ቅቤም ይቀባዋል። መሪጌታ ይህን ሲያወግዙ ነው ያረጁት። እኔም በሄድሁ ቁጥር ከምሳ በፊት እሰማዋለሁ። ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ከቤታቸው ጀርባ የባሕር ዛፍ ደን አላቸው። የዚያን ሰሞን ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስለዚሁ ደን ተክዘው አገኘናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ይዘንባል። ምእመኑ ጣሪያው እንዲታደስ ሲስማማ ሁሉም የአቅሙን ተስሏል፤ መሪጌታም የጣሪያውን ወራጅ ከደናቸው ሊሰጡ ተስለው ነበር። አናጺው መጥቶ አንዱን ባሕር ዛፍ በሁለት መዳፉ ጨበጠና «ይህ ለማገር እንጂ ለወራጅ አይበቃም» ብሏቸው ሄደ። ደኑ እንደ ሰንበቴ ቤት ተጨናንቆ ዛፉ ሁሉ ዘንግ ሆኖ ቀርቷል።

«ስለት ያለበት ሰው መሞት እንኳ አይመቸውም» አሉ መሪጌታ። «ያ ጣሪያ በእኔ እንጨት ሲቆም ባይ፣ ከዚያ ወዲያ ጥሪው ቢመጣም አልጨነቅም ነበር።»

ዝም ማለት ስችል አፌን ከፈትሁ።

«አባባ፣ ይህ እኮ ቀላል ነው። ማሳሳት ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ጠማማው ሲወጣ ቀጥ ያለው እንደሚወፍር፣ በሁለት ክረምት ውስጥ አናጺው በሁለት እጁ አቅፎ የማይጨርሰው እንጨት እንደሚያገኝ አስረዳኋቸው። ሁለት ክረምት ያልሁት ከራሴ ነው፤ አሠልጣኙ ስንት እንዳለ አላስታውስም። መሪጌታ ፊታቸው በራ። ያ የበራ ፊት አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደን ሰው የሆንህ?» አሉኝ።

«ከሐሙስ ጀምሮ» አለች ሰብለ።

መሪጌታ ግን ወሰኑ። እኔ የሚወጡትን ዛፎች እየለየሁ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሳቸው ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራሉ።

ለምልክቱ ቀይ ቀለም ገዝቼ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ወደ መንደሩ ተመለስሁ። ቀለሙ ግን መራዊ አልደረሰም። የመንገዱ ጉድጓድና የቀለሙ ጣሳ ክዳን አውቶቡስ ውስጥ ተጣሉና ግማሹን እግሬ ሥር የነበረ የአንዲት እናት ከረጢት ጠጣው፤ ግማሹን ሱሪዬ። ሴትዮዋ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም፤ እስከ ዘር ማንዘሬ ደርሶ ነበር። ባዶ ጣሳ ይዤ ቤት ስደርስ መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን፣ ባለቤታቸው እማማ ጥሩ ገበያ ሄደዋል። ምልክት ሳላደርግ ብመለስ ሰብለ ምን እንደምትል ስለማውቅ ቤቱን ማሰስ ያዝሁ። ከጓዳው ሣጥን ውስጥ አንድ የታጠፈ ነጠላ አገኘሁ። ቢጫ ቢጫ ብሏል፣ ጥለቱም ደብዝዟል። የተተወ ጨርቅ ነው ብዬ ፈረድሁ። ስቀደው ድምፁ ያስደስት ነበር።

ዛፍ ላይ መፍረድ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አዘንሁላቸው። ቆይቶ ግን ሥልጣን ደስ እያለኝ መጣ። አንገቱን የሰበረውን አሰርሁ፣ ቅርፊቱ የቆሰለውን አሰርሁ። አንዱ ጎባጣ አጎንብሶ ወደ ላይ ሲያይ አለቃችን የበላይ ኃላፊ በመጣ ጊዜ የሚሆኑትን መሰለኝ፤ እሱን በሁለት ዙር አጠበቅሁት። ማታ ዞር ብዬ ሳየው ነጭ ጨርቁ ከነጥለቱ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ደኑ የሠርግ ቤት መስሏል። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከቤቱ በኩል ምንም አይታይም። ረክቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ።

የደቦ ቀን ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሚካኤል ሲያልፍ ኪዳነ ምሕረት ይመጣል፣ እሷ ስታልፍ ገብርኤል ይደርሳል። መሪጌታ በመካከል አንዲት ባዶ ቀን አገኙና እኔና ሰብለ በማለዳው ደረስን። ጎረቤቱ ምሳር ምሳሩን ይዞ ተሰብስቧል። የደቦው አለቃ አያ ደመላሽ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መሪጌታን እንደ አባት የሚያከብሩ ጎረቤት። ፊታቸው ቆሜ በአሠልጣኝ ድምፅ ተናገርሁ።

«ጨርቅ የታሰረበትን ብቻ ቁረጡ። ያልታሰረበትን እንዳትነኩ!»

ሰዎቹ ተያዩ።

«የታሰረበትን?» አሉ አያ ደመላሽ።

«አዎ።»

«የታሰረበትን… እንቁረጥ?»

«አዎ! የታሰረበትን!»

አያ ደመላሽ ምሳራቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና «እሺ» አሉ። «እሺ፣ እሺ» አሉ የቀሩትም። ያን እሺ ልብ በሉልኝ።

ተከትያቸው ልሄድ ስል እማማ ጥሩ ክንዴን ያዙኝ። «አማች ከምሳር ጋር ምን አለው? አገር ምን ይለናል? ግባ!» አሉኝ። በእኛ ዘንድ አማች የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መብላት። መደቡ ላይ ከመሪጌታ ጎን ተቀመጥሁና ሥራዬን ጀመርሁ። እማማ ጥሩ ያጎርሱኛል፣ እኔ እጎርሳለሁ፤ ከጓሮ የምሳር ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ሽሽሽ ብሎ ድም!

«አንድ ጠማማ ወደቀ» አልሁ በአፌ ሙሉ።

መሪጌታ ጆሯቸውን አቀኑ። «ጠማማ እንዲህ ጥርት ብሎ ይወድቃል?»

«ባሕር ዛፍ ነው አባባ። ሲወድቅ ሁሉም ያው ነው።»

እንደገና ድም! አለ። «ሌላ ጠማማ» አልሁ፣ ጎረስሁ። የመሪጌታ ፊት ግን ወደ ጓሮው እንደ ዞረ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ዶሮው ግን ጥሩ ነበር።

ሰብለ ለሠራተኞቹ ጠላ ይዛ ሄዳ ተመለሰች። ሰብለ ስትቆጣ ትጮኻለች፤ እሱን ለምጄዋለሁ። በሩ ላይ ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ና እስቲ፣ ውጣ» ስትለኝ ግን ጉርሻውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጓሮው እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል። ድሮ አይታይም ነበር። ቀጥ ቀጥ ያለው ባሕር ዛፍ በሙሉ ተገንድሶ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ በወግ ተከምሯል። የቆመው ጎባጣው፣ ቆልማማው፣ ቁስለኛው ነው። አንዱም አልተነካም። እያንዳንዱ ነጭ ጨርቁን ታጥቆ ይወዛወዛል።

ሰብለ አንዱን ጨርቅ ያዝ አድርጋ ጥለቱን አየችው። ደግማ አየችው።

«ይህ የመልሴ ዕለት የለበስሁት ነጠላ ነው» አለች። «እዚህ ያስቀመጥሁት ባሕር ዳር እንዳይጠፋብኝ ነበር።»

ዞር ብዬ አያ ደመላሽ ላይ ጮኽሁ።

«አያ ደመላሽ፣ የታሰረበትን ነው እኮ ያልሁ!»

«ልክ ነው ጌታው፣ ብለዋል» አሉ በእርጋታ። «ግን የታሰረበት ዛፍ እኮ ምሳር አይነካውም። ለእግዜር የተሳሉት ከሆነ የእግዜር ነው። ለሌላው ከሆነም የሌላው ነው። በየትም በኩል ቢያዩት እጅ ያስቆርጣል።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉኝ?»

አያ ደመላሽ ከልባቸው ደነገጡ። «እንግዳ እምቢ ይባላል እንዴ?»

«ቀጥ ቀጥ ያለውንስ ለምን ቆረጣችሁት?»

«ባዶ እጃችንን እንመለስ? ወይስ ለመሪጌታ ጠማማ እንጨት ከምረን እናሳፍራቸው? እንጨት ሲቆረጥ ደጉ ደጉ ነው የሚቆረጥ። ጠማማ መርጦ የሚቆርጥ ሰው የት አይተዋል?»

የሚያሳዝነው ሁሉም እውነታቸውን መሆኑ ነው። በዚህ አገር እሺ ማለት ሰማሁ፣ አከበርሁዎ ማለት ነው። ይደረግ አይደረግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ኋላ፣ ሰው ሳይዋረድ ይታያል። እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አለቃዬን በቀን ስንት ጊዜ እሺ እንደምላቸው፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደምፈጽም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መከራ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ከጎባጣው ሥር አንዲት አሮጊት ጎረቤት ቁጭ ብለው በጣታቸው ቅቤ እየቀቡት ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ፈተና እንዲያልፍ። ያ ጎባጣ አለቃችንን መስሎኝ በሁለት ዙር ያሰርሁት ነው። አለቃችን እዚህም ቅቤ አላጡም።

አሮጊቷን ከማስነሣታችን በፊት ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። መሪጌታ በስተርጅና በደናቸው ውስጥ ዛፍ ማምለክ ጀመሩ የሚል ወሬ ነው። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እየተጣደፉ መጡ። መሪጌታም ጫጫታውን ሰምተው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ልትደግፋቸው የገባችውን ሰብለን በሌላው እጃቸው በትከሻዋ ይዘው ወጡ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ያወገዙት ነገር በገዛ ጓሯቸው በነፋስ ይውለበለባል።

«መሪጌታ፣ ምነው በዚህ ዕድሜዎ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

መሪጌታ ወደ ቅርቡ ዛፍ ተጠጉና ግንዱን ዳሰሱት፤ ቁልምሙን ተከትለው እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። ጨርቁን አገኙት። ጥለቱን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ይህ የሰብለ ነጠላ ነው» አሉ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ ቄሰ ገበዙ አዙረው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «አማቼ ነው ያሰረው። ሠልጥኖ ነው» አሉ።

«አሃ!» አሉ ቄሰ ገበዙ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከሰዎቹ አንዱ መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ወዲያው ደቦው በሙሉ ምሳሩን ጥሎ ሆዱን ያዘ። ቅቤ ይቀቡ የነበሩት አሮጊት እንኳ ሳቁ፤ ቅቤያቸውን ግን መልሰው አልጠረጉም። የመሪጌታ ስም ተረፈ። የእኔ ተቆረጠ። በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ስሜ ባለጨርቁ ነው።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። መሪጌታ ወደ ቤት ሲመለሱ እግራቸው ጉቶ መታ። ቆሙ። በመቋሚያቸው ጫፍ ፈለጉና ሌላ ጉቶ አገኙ፤ ከዚያ ሌላ።

«ይህ ቀጥ ካሉት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

ወደ ቤት ገቡ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ። አፈርሁ፣ እውነተኛ ዕፍረት አፈርሁ። ሽማግሌው ሳይሞቱ ለማየት የተመኙትን ጣሪያ ዶሮ ወጥ እየበላሁ አስቆርጬዋለሁ። ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሰብለ አጠገቤ አልተቀመጠችም፤ እሱ እንኳ የነጠላው ነው።

ጣሪያው የመሪጌታን ደን አልጠበቀም። ወራጁን ሌሎች ምእመናን ከየጓሯቸው አዋጡ። መራዊ እየመጡ እህል የሚገዙ አንድ የባሕር ዳር ሙስሊም ነጋዴም ነገሩን ሰምተው ሚስማሩን በሙሉ ላኩ። አናጺው ሥራ ሊጀምር ሲል ግን መወጣጫ የሚሆን እንጨት አጣ። ለመወጣጫ ወፍራም እንጨት አይሆንም፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቀላል አጣና ነው የሚፈለግ። እንዲህ ያለ እንጨት ከመሪጌታ ጓሮ በቀር በአገሩ አልነበረም። በወግ ተከምሮ፣ ደርቆ፣ ሰው ይጠብቃል። ወሰዱት።

ጣሪያው ከዓመት በላይ ፈጅቶ ተጠናቆ በተመረቀ ዕለት እኔም ሄድሁ። ሰብለ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ማን እንደ ገዛው አትጠይቁኝ። ከጸሎቱ በኋላ መሪጌታን ይዤ በቅጥሩ ዙሪያ ዞርን። መወጣጫው ተነቅሎ ከግንቡ ሥር ተደርድሯል፤ ሲሚንቶና ቀለም ተረጭቶበታል። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አንዱን አጣና ዳሰሱት።

«የእኛ ነው?» አሉኝ።

«የእኛ ነው፣ አባባ። ከላይ ግን አንድም የለም። ስለትዎን አበላሸሁብዎ።»

«እኔ ለጣሪያ ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ለመወጣጫ ወሰደው» አሉ። «ከላይ ያለው ሁሉ የወጣው በዚህ ላይ ተረማምዶ ነው። እኔም ዕድሜዬን የሠራሁት ይህንኑ ነው። ያስተማርኋቸው ልጆች ናቸው ዛሬ ከውስጥ ያዜሙት። ይበቃኛል።»

ሳላስበው እንባዬ መጣ። እንዳያውቁብኝ ወሬ ለመለወጥ ቸኮልሁ። ጉቶው እንደ ጎመን አቆጥቁጦ ከአንዱ ብቻ ስንት እንደ ወጣ፣ ዛሬ ከድሮው ይልቅ እንደ ተፋፈገ፣ ጠማማዎቹም ሰፊ ቦታ አግኝተው እንደ ደነደኑ ነገርኋቸው። አሠልጣኙ ያለው በእርግጥ እውነት ሆኗል፤ በማይገባቸው ላይ ነው እንጂ።

«እንግዲህ እነዚያን ጠማማዎች እንቁረጣቸው፣ አባባ» አልሁ። «ጨርቁንም እኔው እፈታለሁ።»

«ተዋቸው» አሉ። በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ወደ ሰብለ ድምፅ ዞሩ፤ ከሴቶቹ ጋር እየሳቀች ነበር። «ያኔ ልጄ አንተን ይዛብኝ የመጣች ጊዜ፣ ደመላሽም፣ ቄሰ ገበዙም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ‹መሪጌታ፣ ይህ ነገር አልቀና፤ ከሥሩ ይቁረጡት› ብሎኝ ነበር።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከመንገዱ መካከል ቆምሁ።

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

መሪጌታ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«እሺ አልኋቸው» አሉኝ።